ከአፍ የበቀለ መቀስ

መረባችን ተዘርግቷል፣ ከወደቡ ግንብ ሥር፤
እኔና ዶሪንዳ ቁጭ፣ የተበጠሰውን ስንቋጥር።
ማልፒካ ላይ መስከረም ነው፣ ነፋሱ ጨው ጨው ይላል፤
ለነገው የሰርዲን ጀልባ፣ ይህ ሁሉ መረብ ይፈለጋል።

መቀስ ይዛ አታውቅም፤ ናይሎኑን ቋጥራ ስታበቃ
ወደ ቀኝ ጉንጯ ታስጠጋና፣ ቀጭ! ታደርገዋለች፣ በቃ።
«አይዝግ፣ አይጠፋ፣ አይሰረቅ፣ ከአፌ የበቀለ መቀስ»
ትለኛለች፤ ትስቃለች፣ እንባዋ ጠብ እስኪል ድረስ።

በአንዱ ሌሊት ስልኬ ጮኸ፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር።
«ፒንሳ አለሽ?» «ለምን?» «ልነቅለው ነው፤ አብጃለሁ፣ በእግዜር!»
«ቻይው እንጂ፣ ጥርስሽን ነክሰሽ» አልኳት፣ ዓይኔ ገና ሳይጠራ።
ዝም። ከዚያ፦ «በየትኛው ጥርሴ ልንከስ፣ ኤልቪራ?»

ኡሺያ፣ የበረዶ ፋብሪካው የፋውስቲኖ ልጅ፣ ጥርስ ሐኪም ሆና መጥታለች፤
በቀዘቀዘ ጥጥ ነካችውና፣ ሰከንድ መቁጠር ጀመረች።
ሃያ ሰባት ደረሰች፤ ዶሪንዳ የወንበሩን ክንድ እንዳነቀች።
«ቶሎ ቢያልፍ ኖሮ ይድናል ብዬ እጠብቀው ነበር፤
አልለቅ ካለ ግን፣ ውስጡ ያለው ሥጋ ነው፣ በቁሙ የሚቀበር።
ክሩ ሲመላለስ ሰንጥቆታል፤ በስንጥቁ ተሐዋሲ ገብቷል፤
አንነቅለውም፤ ውስጡን ጠርገን እንደፍነዋለን፣ ይቆይሻል።»

«አባቴን በዚህ መንደር ሲያክሙት፣ ጩኸቱ ደረሰ እስከ መብራቱ ማማ!»
«ያ ዱሮ ነው፤ ግራ እጅሽን አንሺ፣ አቆማለሁ፣ ሕመም ከተሰማ።»

አረንጓዴ ላስቲክ ዘረጋች፤ አንዱ ጥርስ ብቻ ብቅ አለ፣
ባሕሩ ሲሸሽ እንደሚቀር አለት፣ ብቻውን ተገትሮ ዋለ።
ከዚያ መርፌዎቿ፤ ከእኛ መርፌ የቀጠኑ፣ የሚተጣጠፉ፤
ሦስት ቦይ ወዲያው አገኘች።
አራተኛውን በማጉያ ፈለገች፣ ደቂቃዎች አለፉ።
ይህን ፍለጋ አውቀዋለሁ፤
ዓሣውን ሁሉ የምታስመልጠው አንዲት ያልታየች ቀዳዳ ናት።
ዶሪንዳ እጇን አነሳች። ደነገጥን።
አላመማትም፤ በጣቷ «ፈልጊ» አለቻት።

«ይህ ጊዜያዊ ነው» አለች ኡሺያ፣ «በሁለት ሳምንት ተመለሺ።
ለጥቂት ቀን ሲነክሱበት ያማል፤ ያለ ነው፣ አትሸሺ።
ካበጠ ወይ ካተኮሰሽ ደውዪ። በዚያ ወገን አትብዪ።
ክርማ፣ በፍጹም እንዳትነክሺ!»

አልተመለሰችም። ሰርዲኑ ገባ፣ መረቡ ተቆለለ፤
«ሕመሙ ሄዷል፤ የሌለን ነገር ማን ያክማል?» አለችኝ፣ እጇ ሥራ ላይ እንዳለ።
ጊዜያዊዋ ሙሊት ተፈርፍራ፣ ከክር ብጣሽ ጋር ስትተፋት
አይቼ ዝም አልኩ፤ የእኔም እጅ አለበት፣ በዚያ ጥፋት።

በሰባተኛው ሳምንት፣ እሑድ፣ ጉንጯ ዓይኗን ገፍቶ መጣ፤
ኡሺያ የራጁን ፎቶ አወጣች፣ አሳየችን ያለ ቁጣ።
ከሥሩ ጫፍ ጥቁር ነጥብ፤ የምስር ፍሬ ታህላለች።
«ነርቩን አውጥቼዋለሁ፤ ከእንግዲህ የሚጮህልሽ የለም» አለች።
«ዝም ያለ ጥርስ ሁሉ የዳነ አይደለም። የጀመርነውን እንጨርሰው።
መቶ በመቶ አልልሽም፤ አንዳንዱ ይደገማል፣ አንዳንዱም ይነቀላል፤
አብዛኛው ግን ለዓመታት ያኝካል፣ ቢመለስ ሰው።»

ተጠረገ። ተደፈነ። በኅዳር ዘውድ ጫነችበት፤
ነጭ፣ ውድ፣ በአራት ወር የሚከፈል፣ ገና ሁለቱ የቀረበት።
«ንግሥት ሆንኩ» አለች ዶሪንዳ፣
«ሕዝቤ ግን አንድ መንጋጋ።»

አሁን አንገቷ ላይ መቀስ አለ፣ በአሮጌ የመረብ ክር የታሰረ።
ቋጠሮውን ታጠብቃለች፤ እጇ ወደ ጉንጯ ይወጣል፣ ሠላሳ ዓመት የተማረ፣
ከከንፈሯ አንድ ጣት ሲቀረው ይቆማል።
ይወርዳል።
ቀጭ።

እኔስ? ከነሐሴ ጀምሮ ውኃ የምጠጣው በቀኝ ጉንጬ ብቻ ነው፤
ለማንም አልነገርኩም።
ትናንት በግራ ሞከርኩና፣ እንደ ኡሺያ ቆጠርኩ፦ አሥራ ዘጠኝ።
ዛሬ ደወልኩላት።
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት አለችኝ።